ሲናር በእህል ማሳ፤ አለያየቱ፣ ጥቅሙና አጠፋፉ

ገበሬዎች ሆይ፥

ሲናር የሚባለውን ሣር የማያውቅ የስንዴና የገብስ ገበሬ የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ማወቅ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ሲናር ዛላውን አውጥቶ ከስንዴው በላይ ሲወዛወዝ ማወቅ ነው፤ ይህን ከብት የሚጠብቅ ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን ሲናር ገና በሁለት ቅጠል ሳለ፥ ወይም በዘር ከረጢት ውስጥ ከስንዴው ጋራ ተቀላቅሎ ሳለ ለይቶ ማወቅ ነው። ጥቅም የሚገኘው ከዚህ ከሁለተኛው ዕውቀት ነው።

ሲናር በየዓመቱ ከፍሬው በቅሎ፥ አፍርቶ፥ በዚያው ዓመት የሚደርቅ ሣር ነው። እንደ ሰርዶ በሥሩ ከዓመት ወደ ዓመት አይሻገርም። ስለዚህ ሲናር ከአንዱ ክረምት ወደ ሌላው ክረምት የሚያልፍበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ፍሬው ነው። ፍሬው ወደ ማሳችሁ የሚገባውም በሁለት በር ነው። አንደኛው በር ከቆመው ሲናር ራሱ የሚረግፈው ፍሬ ሲሆን፥ ሁለተኛው በር እኛው በእጃችን ከእህሉ ጋራ የምንዘራው ነው። ከዚህ በታች የሚነበበው ምክር ሁሉ እነዚህን ሁለት በሮች ስለ መዝጋት ነው።

የሲናር ዐይነቶች

በአገራችን ሲናር እየተባሉ የሚጠሩት ሣሮች አንድ ዐይነት ብቻ አይደሉም። ሁሉም የአጃ ዘመዶች ናቸው። ሊቃውንት ከሚለዩአቸው ዐይነቶች ሦስቱን ማወቅ ለገበሬው ይጠቅማል።

አንደኛው በሊቃውንት ስም አቬና ፋቱዋ የሚባለው ነው። ይህ በዓለም ላይ ስንዴ በሚዘራበት አገር ሁሉ ማለት ይቻላል የሚገኝ፥ ፍሬው እንደ በሰለ ወዲያው አንድ በአንድ የሚረግፍ ክፉ አረም ነው።

ሁለተኛው አቬና ቫቪሎቪያና የሚባለው ነው። ይህም ፍሬውን የሚያረግፍ ሲሆን በደጋው አገር በገብስና በስንዴ መካከል ይበቅላል። ስሙ የወጣለት ኒኮላይ ቫቪሎቭ በሚባለው የሩስያ የዕፅዋት ሊቅ ነው። ይህ ሰው በ1927 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (በ1919 ዓ.ም.) ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የአገራችንን የእህል ዘሮች ሰብስቦ መርምሯል።

ሦስተኛው አቬና አቢሲኒካ የሚባለው ነው። ይህ ፍሬውን አያረግፍም። ከገብሱ ጋራ ይበስላል፥ ከገብሱ ጋራ ይታጨዳል፥ ከገብሱ ጋራ ይወቃል፤ በመጨረሻም ከገብሱ ጋራ ጎተራ ገብቶ በሚመጣው ዓመት ተመልሶ ይዘራል። በሰሜኑ ደጋ ይህን ሲናር ከገብሱ ሳይለዩ ፈጭተው እንጀራ የሚጋግሩ፥ ለጠላም የሚያውሉ ገበሬዎች አሉ። ፍሬውም የሚበላ እህል ነው፤ መርዝ የለበትም።

በዚህ ነገር ሲናርን ከእንክርዳድ ጋራ ማደባለቅ አይገባም። እንክርዳድም በእህል መካከል የሚበቅል የአንድ ዓመት ሣር ነው፤ ነገር ግን ፍሬው በዱቄት ውስጥ ሲበዛ ሰውን ያዞራል፥ ያሰክራል። የእንክርዳድ ፍሬዎች ያሉበት ዛላ ቀጥ ብሎ የቆመ፥ ፍሬዎቹም በግራና በቀኝ ተራ በተራ የተጣበቁበት ነው። የሲናር ዛላ ግን የተበተነና የተንጠለጠለ ስለ ሆነ ሁለቱን መለየት አያስቸግርም።

በገበሬው በኩል የሚያስፈልገው ልዩነት ይህ ነው። የሚያረግፈው ሲናር በዋናው የሚመጣባችሁ ከመሬቱ ነው፤ የማያረግፈው ሲናር ግን የሚመጣባችሁ ከጎተራችሁ ነው። ዛላው በበሰለ ጊዜ በመዳፋችሁ ቀስ አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጉት። ፍሬው በቀላሉ ከወደቀ የመሬት ጠላት ነው፤ ካልወደቀ የዘር ጠላት ነው። ነገር ግን የሚያረግፈውም ቢሆን ጥቂቱ ፍሬ ከእህሉ ጋራ ስለሚታጨድ በዘር መካከል መገኘቱ አይቀርም።

ሲናር እንዴት ይታወቃል?

በቡቃያነቱ። ሲናር በቡቃያነቱ ስንዴና ገብስ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ከአረም እጅ የሚያመልጠውም ስለዚህ ነው። ለመለየት የሚከተሉትን ምልክቶች ተመልከቱ።

1ኛ. ቅጠሉ ከአገዳው ጋራ የሚገናኝበትን ቦታ ገልጣችሁ እዩ። ገብስ በዚህ ቦታ አገዳውን ዙሪያውን የሚያቅፉ ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች አሉት። ስንዴ ጆሮዎቹ አጫጭር ሆነው ጠጉር አላቸው። ሲናር ግን ጆሮ የለውም። በጆሮ ፈንታ ነጣ ያለ፥ ስስ፥ ዳሩ የተሸራረፈ ምላስ የመሰለ ነገር ከቅጠሉ ግርጌ ቆሞ ይታያል።

2ኛ. ቅጠሉን ከላይ ሆናችሁ ስትመለከቱት የሲናር ቅጠል የሰዓት ዘንግ ከሚዞርበት በተቃራኒ ይጠመዘዛል። የስንዴና የገብስ ቅጠል ግን የሰዓት ዘንግ በሚዞርበት በኩል ይጠመዘዛል።

3ኛ. ተጠራጥራችሁ እንደ ሆነ ቡቃያውን ከነሥሩ በጥንቃቄ ነቅላችሁ አፈሩን አራግፉ። የበቀለበት ፍሬ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ጋራ ተያይዞ ይወጣል። የስንዴ ቅርፊት የሌለው ፍሬና የሲናር ጠቆር ያለ ቀጭን ፍሬ በምንም አይመሳሰሉም። ይህ ምልክት ከሁሉ ይልቅ የታመነ ነው።

በዛላው። ሲናር ሲያድግ ከስንዴው በላይ ይወጣል። ዛላው እንደ ስንዴ የተጠቀጠቀ ሳይሆን የተበተነ ነው፤ ከቀጫጭን እግሮች ላይ ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት ፍሬ የያዙ ገለባዎች ወደ ታች ተንጠልጥለው ይታያሉ።

በፍሬው። የሚያረግፈው ሲናር ፍሬ ቀጭንና ረዘም ያለ፥ መልኩ ከቡና ዐይነት እስከ ጥቁር፥ ገላው ጠጉር የለበሰ ነው። ከጀርባው እንደ ጉልበት የታጠፈና የተገመደ ጢም ይወጣል። ይህ ጢም ያለ ነገር አልተሰጠውም። እርጥበት ሲያገኝ ይፈታል፥ ሲደርቅ እንደገና ይገመዳል፤ እንዲህ እየተፈታና እየተገመደ ፍሬውን ወደ አፈር ስንጥቅ እየገፋ ያስገባዋል። ሲናር የገዛ ራሱን ዘር የሚዘራ ሣር ነው ማለት ነው።

ሲናር በመሬት ውስጥ እንዴት ይቆያል?

ብዙ ገበሬዎች «ዘንድሮ አረምኩት፥ ከርሞ ግን ተመልሶ መጣ» ብለው ያዝናሉ። ምክንያቱ ይህ ነው። የሚያረግፈው ሲናር ፍሬ እንደ ስንዴ ዝናብ ባገኘ ጊዜ ሁሉ አብሮ አይበቅልም። ግማሹ ዘንድሮ ሲበቅል የቀረው ይተኛል። የተኛው ፍሬ በአፈር ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፥ ጥቂቱም ከዚያ በላይ ሕያው ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በአንዱ ዓመት ውስጥ እንኳ ቢሆን ሁሉም በአንድ ቀን አይበቅልም፤ አንዱ ከእህሉ በፊት፥ አንዱ ከእህሉ ጋራ፥ አንዱም የመጀመሪያው አረም ከታረመ በኋላ ይበቅላል።

ደግሞም ፍሬው ከጥልቅ ቦታ የመውጣት ኃይል አለው። ከብዙ ጥቃቅን የሣር ዘሮች የተለየ ሆኖ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው አፈር ውስጥ ሊበቅል ይችላል። ከዚያ በላይ በጥልቀት የተቀበረውም ብዙውን ጊዜ ዕድሜው ይረዝማል እንጂ ወዲያው አይሞትም። በመሬት ላይ የቀረው ፍሬ ግን ወፍ ይለቅመዋል፥ አይጥና ጉንዳን ይወስደዋል፥ ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቁበታል። ይህን ነገር ስለ አስተራረስ በምንናገርበት ስፍራ እናስታውሰዋለን።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው?

«በስንዴ ሰበብ እንክርዳድ ውኃ ይጠጣል» እንደሚባለው፥ ለእህሉ ብላችሁ የበተናችሁትን ማዳበሪያ ሲናርም ይበላል። ሥሩ ብርቱ ስለ ሆነ ከአፈሩ እርጥበትንና ምግብን ይሻማል፤ ቁመቱም ከእህሉ በላይ ስለሚወጣ ብርሃን ይጋርዳል። ሲናር በብዛት በበቀለበት የስንዴ ማሳ የምርቱን ግማሽ እንኳ ሊያሳጣ ይችላል። ከዚህም ሌላ ሲናር የተቀላቀለበት እህል በገበያ ዋጋው ይቀንሳል፤ ለዘር ሊሸጥ ከቶ አይገባም።

ከእህሉ ጋራ ስለምንዘራው ሲናር አንድ ሒሳብ እንመልከት። በአንድ ኪሎ የስንዴ ዘር ውስጥ 10 የሲናር ፍሬ ብቻ አለ እንበል። ይህ በዐይን ሲታይ ምንም አይመስልም። ነገር ግን ለአንድ ሄክታር 150 ኪሎ ዘር ብንዘራ 1,500 የሲናር ፍሬ በእጃችን ዘራን ማለት ነው። ከዚህ ግማሹ ብቻ በቅሎ 750 እግር ሲናር ቢቆም፥ እያንዳንዱም 60 ፍሬ ቢያፈራ 45,000 ፍሬ ይሆናል። ይህም በየካሬ ሜትሩ ከ4 ፍሬ በላይ ነው። ሰፋ ያለ ቦታ አግኝቶ ከሥሩ ብዙ ቀንበጥ ያወጣ አንድ እግር ሲናር ብቻውን ከመቶ በላይ ፍሬ እንደሚያፈራም አትርሱ። አንድ ጊዜ ቸል ያልነው ነገር የብዙ ዓመት ሥራ ይሆናል።

የሲናር አጠፋፍ

ሲናርን በአንድ ዘዴ ብቻ ማጥፋት አይቻልም። ከዚህ በታች ያሉትን ዘዴዎች አንዱን ከሌላው ጋራ እያያያዛችሁ ብትሠሩባቸው ግን በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ ማሳችሁ እንደሚጸዳ ታያላችሁ።

1ኛ. ዘርን ማጽዳት። ከመዝራታችሁ ከአንድ ወር በፊት ዘራችሁን ፈትኑ። ከከረጢቱ ከላይ፥ ከመካከልና ከታች እየዘገናችሁ አንድ ኪሎ ያህል ሰብስቡና በሰፌድ ላይ አፍስሳችሁ የሲናሩን ፍሬ ቁጠሩ። አንድ እንኳ ብታገኙ ዘሩን ሁሉ በወንፊት ንፉት፥ በሰፌድ አበጥሩት፥ የቀረውንም ልቀሙት። የስንዴ ፍሬ ድቡልቡልና ከባድ፥ የሲናር ፍሬ ቀጭንና ቀላል ስለ ሆነ በጥሩ ወንፊትና በማበጠር አብዛኛው ይለያል። በገብስ ውስጥ መለየቱ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ገብስም ከነቅርፊቱ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ የገብስ ዘር የሚወሰደው ሲናር ከሌለበት ማሳ ተመርጦ መሆን አለበት። ከጎረቤት ዘር ስትለውጡም አስቀድማችሁ በሰፌድ ላይ አይታችሁ ተቀበሉ።

2ኛ. አስተራረስ። እህሉ ከታጨደ በኋላ ሲናር የረገፈበትን ማሳ ወዲያው በጥልቅ አትገልብጡ። ፍሬውን ቀብራችሁ ለሚመጡት ዓመታት ታስቀምጡታላችሁና። በላዩ ቆይቶ ወፍና አይጥ ይልቀሙት። የበልግ ዝናብ በመጣ ጊዜ መሬቱን ገለል አድርጋችሁ እረሱት፤ ሲናሩ ይብቀል። ሁለት ሦስት ቅጠል ባወጣ ጊዜ ደግማችሁ እረሱት። ደግሞ ከበቀለ ሠልሱት። እንዲህ እያታለሉ ማብቀልና መግደል ከዘር በፊት የሚደረግ አረም ነው፤ ከዘር በኋላ ከሚደረገው አረም ይልቅም ድካሙ የቀለለ ነው። እጅግ በተበላሸ ማሳ ላይ ደግሞ የክረምቱ ዝናብ ከጠና በኋላ ሲናሩ እስኪበቅል አሥር ቀን ያህል ታግሦ፥ ያንን ገልብጦ መዝራት ይጠቅማል። ነገር ግን ዝናቡ ቶሎ በሚያበቃበት አገር ዘርን ማዘግየት ምርት ይቀንሳልና ይህን በሁሉም ማሳ ላይ አታድርጉት።

3ኛ. ዘርን ማፈራረቅ። ስንዴ በስንዴ ላይ፥ ገብስ በገብስ ላይ እየተዘራ የሚኖር መሬት የሲናር ርስት ነው። በአርሲና በባሌ ስንዴ ብቻ እየተዘራባቸው በኖሩ ሰፋፊ ማሳዎች የሣር አረም የበረታው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ባቄላ፥ አተር፥ ተልባ፥ የጎመን ዘር ወይም ድንች አግቡበት። በባቄላ መካከል ሲናር የበቀለ እንደ ሆነ ቅጠላቸው ስለማይመሳሰል ሕፃን ልጅ እንኳ አይቶ ይነቅለዋል። ባቄላ ለመሬቱም ኃይል ይጨምራል። ሲናር በበዛበት ማሳ ቢቻል ሁለት ዓመት ተከታትሎ ስንዴና ገብስ አለመዝራት ይመረጣል።

4ኛ. በመስመር መዝራት። በእጅ በተበተነ ዘር መካከል ሲናርን ከስንዴ ለመለየት ያስቸግራል። በመስመር በተዘራ ማሳ ግን በመስመሮቹ መካከል የበቀለ ሣር ሁሉ አረም ነውና መርማሪ አያስፈልገውም። በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ የዘሩ መጠንም አይጉደል። እህሉ ሳስቶ ከበቀለ ባዶውን ቦታ የሚሞላው ሲናር ነው። ማዳበሪያም ሜዳውን ሁሉ ከመበተን ይልቅ በመስመሩ ውስጥ ቢገባ እህሉ ይቀድመዋል።

5ኛ. የእጅ አረም። የመጀመሪያው አረም ከተዘራ ከ25 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ መሆን አለበት። ሲናር እህሉን በብርቱ የሚጎዳው በዚህ በመጀመሪያው ዘመን አብሮት ሲያድግ ስለ ሆነ የዘገየ አረም የተወሰደውን አይመልስም። ሁለተኛው አረም ከዚያ በኋላ የበቀለውን ለማንሣት ነው። ሦስተኛው ግን ብዙዎቻችን የምንተወው ሥራ ነው፤ ይኸውም ሲናሩ ዛላውን ከእህሉ በላይ ባወጣ ጊዜ በማሳው ውስጥ በጥንቃቄ እየተዘዋወሩ መንቀል ነው። ይህ ሥራ ለዘንድሮው ምርት የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ለሚመጡት ዓመታት ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ጊዜውም አጭር ነው። የዛላው ጫፍ ቀድሞ ይበስላል፥ እህሉም ለአጨዳ ከመድረሱ በፊት ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ ፍሬው አረንጓዴ ሳለ ንቀሉ። የነቀላችሁትን በማሳው ውስጥ ወይም በድንበር ላይ አትጣሉ፤ በጆንያ ይዛችሁ ውጡ። እሸት ከሆነ ለከብት ስጡ፤ ፍሬው ጠቁሮ ከሆነ አቃጥሉት።

6ኛ. የአረም መድኃኒት። በመጀመሪያ ይህን ዕወቁ። ቱ ፎር ዲ የሚባለው መድኃኒት ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ይገድላል እንጂ ሲናርን አይገድልም። እንዲያውም ሰፋፊው አረም ሲሞት ሲናር ቦታ ስለሚያገኝ በዓመት በዓመቱ እየበዛ ይሄዳል። በስንዴ ውስጥ የሣር አረምን የሚገድሉ እንደ ፓላስና ቶፒክ ያሉ መድኃኒቶች ሌሎች ናቸው። እነዚህንም በማናቸውም እህል ላይ መርጨት አይቻልም፤ ለምሳሌ ፓላስ ለስንዴ የተሠራ ስለ ሆነ ገብስን ይጎዳል። የሚረጨው ሲናሩ ከሁለት እስከ አራት ቅጠል ባለው ጊዜ ነው። መጠኑን በግምት አታድርጉ፤ በዕቃው ላይ የተጻፈው ጽሕፈት በማታውቁት ቋንቋ ከሆነ የልማት ሠራተኛው ያንብብላችሁ። በነፋስ ጊዜ አትርጩ፥ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፥ ከሥራ በኋላ ገላችሁንና ልብሳችሁን ታጠቡ፥ ባዶውን ዕቃ ለውኃ መቅጃ ከቶ አታድርጉት።

ከዚህም ሌላ አንድ ዐይነት መድኃኒት ብቻ በየዓመቱ መርጨት አደጋ አለው። በሌሎች አገሮች፥ ለምሳሌ በአውስትራሊያና በካናዳ፥ መድኃኒቱን የለመደና የማይሞት ሲናር ተነሥቶ ገበሬዎችን አስቸግሯል። ከተረጨው ሲናር መካከል ጓደኞቹ ሲሞቱ እሱ አረንጓዴ ሆኖ የቀረውን እግር እንዳያፈራ በእጃችሁ ንቀሉት፤ የልማት ሠራተኛውንም ጠርታችሁ አሳዩት። መድኃኒት የእጅ አረምን ይረዳል እንጂ ቦታውን ፈጽሞ አይወስድም።

7ኛ. አጨዳና ውቂያ። ሲናር የበዛበትን የማሳ ክፍል ለብቻው እጨዱ፥ ለብቻውም ውቁት፤ ከዚያ የተገኘው እህል ለምግብ ይሁን እንጂ ለዘር አይቀመጥ። በአውድማ ላይ የቀረውን እብቅና ጥራጊ ወደ ማሳ አትመልሱት። ኮምባይነር የምትከራዩ ገበሬዎች መኪናው ከሌላ ሰው ማሳ ሲመጣ ውስጡ ተጠርጎ እንዲገባ አድርጉ፤ የሌላውን ማሳ ሲናር ይዞላችሁ ይመጣልና። ሲናር ያለበትን ጭድ የበላ ከብት ፋንድያም ጥቂት ያልሞተ ፍሬ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ትኩሱን ፋንድያ ወደ ማሳ ከማውጣት ይልቅ ከምራችሁ እስኪግልና እስኪብላላ አቆዩት።

ሲናር ለከብት መኖ

እዚህ ላይ ብዙ ገበሬዎች የሚያነሡት አንድ እውነተኛ ነገር አለ። በነሐሴና በመስከረም የከብት መኖ በሚያጥርበት ጊዜ ከማሳ የሚነቀለው ሲናር ለላምና ለበሬ ይደርሳል። ከብቶችም ይወዱታል። ስለዚህ አንዳንድ ገበሬ በመጀመሪያው አረም ሆን ብሎ ሲናሩን ትቶት ያሳድገዋል።

ይህን ገበሬ መንቀፍ አይገባም፤ የከብት ረሃብ ያየ ሰው ነውና። ነገር ግን ሒሳቡን ይመልከት። በስንዴ መካከል የቆመው ሲናር የሚበላው ከስንዴው ድርሻ ነው፤ ከዘገየም ፍሬውን አርግፎ ይሄዳል። በእርግጥ መኖ የሚፈለግ ከሆነ መኖን በራሱ ቦታ መዝራት ይሻላል። ከጓሮ ወይም ከዳር ጥቂት መሬት ለይታችሁ ፍሬውን የማያረግፈውን የእርሻ አጃ ከቬች ጋራ ቀላቅላችሁ ዝሩ። ለአንድ ሄክታር 75 ኪሎ ያህል አጃና 25 ኪሎ ያህል ቬች ይበቃል፤ ለሩብ ሄክታር የዚህ አራተኛ እጅ ነው። አጃው ጉልበት፥ ቬቹ ሥጋ የሚሠራ ምግብ ስለሚሰጥ ከብቱ ከሁለቱ በአንድነት ይጠቀማል። የአጃው ፍሬ ገና ወተት ሲይዝ፥ ቬቹም ሲያብብ እጨዱት። ዝናቡ ከቆመ በፀሐይ አድርቃችሁ ለበጋ አከማቹት። አገዳው እስኪደርቅ ከቆየ ግን ኃይሉ ያነሰ ይሆናል። የምትዘሩት የአጃ ዘርም እንደ ስንዴው ዘር በሰፌድ ላይ ይፈተን፤ በአጃ ዘር መካከል የሚያረግፈው ሲናር ተደብቆ ሊገባ ይችላልና።

ከማሳ የተነቀለውንም ሲናር አትጣሉት፤ ለከብት ስጡት። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ ሲናር ከብት ሆድ የሚገባው ፍሬው ሳይጠና ነው።

የዓመቱ ሥራ በአጭሩ

ከታኅሣሥ እስከ ጥር፦ በጥልቅ አለመገልበጥ፤ የረገፈውን ፍሬ ለወፍ መተው፤ ፋንድያን መከመር።

ከየካቲት እስከ ግንቦት፦ በበልጉ ዝናብ ማብቀል፥ ደግሞ ማረስ፤ ዘርን በሰፌድ መፈተንና ማጽዳት።

ሰኔና ሐምሌ፦ በንጹሕ ዘር፥ በመስመር መዝራት፤ ካለፈው ዓመት የተለየ ዘር መምረጥ።

ሐምሌና ነሐሴ፦ የመጀመሪያው አረም በ25ኛውና በ30ኛው ቀን መካከል።

መስከረምና ጥቅምት፦ ሁለተኛውን አረም መጨረስ፤ ከእህሉ በላይ የወጣውን ሲናር ሳይጠቁር መንቀል።

ኅዳርና ታኅሣሥ፦ ሲናር የበዛበትን ለብቻ ማጨድ፤ የዘር እህልን ከንጹሕ ማሳ መለየት።

በልግና መኸር ሁለቱንም በሚያመርት አገር ያለ ገበሬ ወራቱን እንደ አገሩ ዝናብ ይለውጥ፤ የሥራው ተራ ግን ያው ነው።

ለልማት ሠራተኞች

ስለ ሲናር በቃል ብቻ ማስተማር አይበቃም። በአረም ወራት ገበሬዎችን በአንድ ማሳ ዳር ሰብስባችሁ ገብስ፥ ስንዴና ሲናር ከነሥራቸው ነቅላችሁ ጆሮአቸውንና ምላሳቸውን በእጃቸው እያስያዛችሁ አሳዩአቸው። ሴቶችና ልጆች ከዚህ ትምህርት እንዳይቀሩ፤ በብዙ አገር የአረም ሥራ የሚበዛው በእነርሱ ላይ ነውና። በዘር ጊዜ ደግሞ የሰፌዱን ፈተና በየመንደሩ አድርጉ። የተገኘውን የሲናር ቁጥር ለአንድ ሄክታር አባዝታችሁ ብትነግሩአቸው ከረጅም ንግግር ይበልጣል። በየዓመቱም በአንድ የታወቀ ቦታ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ለክታችሁ የበቀለውን ሲናር ቁጠሩና ጻፉ፤ ሥራው ወደ ፊት መሄዱንና አለመሄዱን የሚነግራችሁ ይህ ቁጥር ነው።

አንድ ገበሬ ብቻውን ማሳውን ቢያጸዳ ጎረቤቱ ካላጸዳ በዘር ልውጥ፥ በጎርፍና በኮምባይነር ተመልሶ ይመጣበታል። ስለዚህ ዛላ የመንቀሉን ሥራ በወንፈልና በደቦ ብታደርጉት አንዱ ሌላውን ይጠብቃል።

ገበሬዎች ሆይ፥ ዘንድሮ አንድ ነገር ብቻ ልትሠሩ ብትችሉ ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን ሥሩ፤ የምትዘሩትን ዘር በሰፌድ ላይ አፍስሳችሁ እዩ። ሁለተኛም ነገር ልትጨምሩ ብትችሉ ሲናር ዛላ ባወጣ ሰሞን አንድ ቀን ለማሳችሁ ስጡ። ይህን ያነበበ ላላነበበው ጎረቤቱ ያንብብለት።